የባሻ እብጠት

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ሥራ የያዘም ለጊዜው ያቆየው! ጋሽ ይርዳው የፈለጉት አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ሐኪም ድመታቸውን እንዲያይላቸው።

ጋሽ ይርዳው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሚስታቸው እቴነሽ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያነጋግሩት ባሻን ብቻ ነው። ባሻ ድመቱ ነው፤ ግራጫ፣ ኩሩ፣ ሲጠሩት የማይመጣ። አንድ ጠዋት ሆዱን ሲያሻሹት ጣታቸው እብጠት ነካ። አለፍ ሲል ሌላ እብጠት። በወዲያ በኩልም ሌላ። ጋሽ ይርዳው እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁርሳቸውን ትተው፣ ባሻን በኮታቸው ጠቅልለው፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ገሰገሱ። በሩ ላይ የቆመ በሬ እምቧ ቢል ባሻ የኮቱን ገበር ቀደደ፣ የሐኪሟን እጅ ቧጨረ፣ አጥር ዘሎ ወደ ቤቱ ፈረጠጠ።

ሐኪሟ ዶክተር ሰሚራ ደሟን በጥጥ እየጠረገች፣ "ጋሼ፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ካላመጡት አላየውም" አለች።

ሐኪሟ ያለ ቅርጫት አላይም አለች፤ ባሻም ከነእብጠቱ አልጋ ሥር ተጋደመ። ጋሽ ይርዳው ወደ ቅርጫት ሻጯ ወደ ዘሃራ ሄዱ።

"ልጄ፣ ባለ ክዳን ቅርጫት ስጪኝ። የቤት ሰው ታሞብኛል።"

ለድመት ነው ማለት አሳፍሯቸው ነው እንጂ፣ በሽተኛን በቅርጫት የሚያመላልስ የት አለ? ዘሃራ ግን አዘነችላቸው።

"አላህ ያሽርልዎት ጋሼ! ቅርጫቱስ ሞልቶ ነበር። ቁልፉ ተሰብሮብኝ ይኸው ደጅ ቆሜያለሁ። አዲስ ካልተቀረጸልኝ ሱቁን አልከፍትም።"

ሐኪሟ ያለ ቅርጫት አላይም፣ ቅርጫት ሻጯ ያለ ቁልፍ አልከፍትም አሉ፤ ባሻም ከነእብጠቱ አልጋ ሥር ተጋደመ። ጋሽ ይርዳው ወደ ቁልፍ ሠሪው ወደ ሰይድ ሄዱ። ሰይድ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው።

"ለእርስዎ ያልሆንኩ ለማን እሆናለሁ!" አለ ሰይድ። "ግን መነጽሬ እግሩ ወልቋል። ሳላይ ብሞርድ የምሞርደው ጣቴን ነው።"

ሐኪሟ ያለ ቅርጫት አላይም፣ ቅርጫት ሻጯ ያለ ቁልፍ አልከፍትም፣ ቁልፍ ሠሪው ያለ መነጽር አልሞርድም አሉ፤ ባሻም ከነእብጠቱ አልጋ ሥር ተጋደመ። ጋሽ ይርዳው የሰይድን መነጽር ይዘው ወደ ሰዓት ሠሪው ወደ መንበሩ ሄዱ፤ በሽተኛ አለብኝ፣ ቶሎ በልልኝ አሉት።

"የመነጽር ብሎን ቁንጫ ታክላለች" አለ መንበሩ። "ያ ሙዚቃ ቤት እንዲህ እየደለቀ እጄ አይረጋም። ጸጥ ካላለ አልጠግንም። ደግሞስ ማን ነው የታመመብዎት? ልጅ ነው?"

"ከልጅም በላይ" አሉ ጋሽ ይርዳው፤ ብለውም በራሳቸው አፈሩ። ትናንት ዓሣዬን ሰረቅህ ብለው በጫማ ያባረሩት እኮ ይኸው "ከልጅ በላይ" ነበር።

ሐኪሟ ያለ ቅርጫት አላይም፣ ቅርጫት ሻጯ ያለ ቁልፍ አልከፍትም፣ ቁልፍ ሠሪው ያለ መነጽር አልሞርድም፣ ሰዓት ሠሪው ያለ ጸጥታ አልጠግንም አሉ፤ ባሻም ከነእብጠቱ አልጋ ሥር ተጋደመ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት በላቸው ጉዳዩን ሲሰማ እንባው መጣ፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም።

"ጎረቤቴ ወፍጮ ነው ጋሼ። እሱ እየጮኸ እኔ ዝቅ ካደረግሁ ዘፈኔን ማን ይሰማዋል? መጀመሪያ እሱ ይቁም።"

ወፍጮ ቤት ሲገቡ ባለ እህሏ እትዬ ጥሩወርቅ ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣለች። የልጇ ሰርግ ደርሷል፤ እህሏ ሳያልቅ ወፍጮው አይቆምም። ጋሽ ይርዳው ጆሮዋ ሥር ጮኹ፦ ሐኪሟ ያለ ቅርጫት አላይም፣ ቅርጫት ሻጯ ያለ ቁልፍ አልከፍትም፣ ቁልፍ ሠሪው ያለ መነጽር አልሞርድም፣ ሰዓት ሠሪው ያለ ጸጥታ አልጠግንም፣ ሙዚቃ ቤቱ ወፍጮው ካልቆመ አልቀንስም አሉ፤ ባሻም ከነእብጠቱ አልጋ ሥር ተጋድሟል!

"ባሻ ማን?" አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

ከዚህ በኋላ መሸሻ የለም። "ድመቴ!" አሉ ጋሽ ይርዳው።

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ይርዳውም አብረው ሳቁ፤ ዘወር ብለው ሊወጡ በሩ ጋ ደረሱ፤ ተመለሱ።

"እቴነሽም እብጠት ነበረባት። ነገ እናሳያለን፣ ከበዓል በኋላ እናሳያለን ስንል ረፈደብን። አሁን ደግሞ ነገ ማለት አልችልም፣ እትዬ።"

እትዬ ጥሩወርቅ ሳቋን ዋጠች። ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ወፍጮው ባለቤት ዞረች። "አቁመው! ሰርጉ እንደሆነ ያለ እኔ ዱቄት አይጀመርም።"

ወፍጮው ቆመ። ወፍጮው ቢቆም ሙዚቃው ዝቅ አለ፤ ሙዚቃው ዝቅ ቢል የሰዓት ሠሪው እጅ ረጋ፤ እጁ ቢረጋ መነጽሩ ተጠገነ፤ መነጽሩ ቢጠገን ቁልፉ ተሞረደ፤ ቁልፉ ቢሞረድ ሱቁ ተከፈተ፤ ሱቁ ቢከፈት ቅርጫቱ ተገኘ። ባሻም ቅርጫቱን አሸተተና ማንም ሳያስገድደው ገብቶ ተጋደመ። ይህን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች መጨረሻውን ሳናይ አንቀርም ብለው ክሊኒክ ድረስ ተከተሉ።

ዶክተር ሰሚራ ሆዱን ዳሰሰች። ደገመች። 

"ጋሼ፣ ወንድ ነው ነበር ያሉኝ?"

"ታዲያስ! ባሻ እኮ ነው!"

"ባሻ አርግዛለች። እብጠት ያሉት ጡቶቿ ናቸው።"

ክሊኒኩ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከኋላ፣ "ለመሆኑ መምህር ያስተማሩት ምን ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

"ጂኦግራፊ" አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ቅርጫቱን እያዩ።

"ኧረ ጋሼ!" አለ ሰይድ፣ የተጠገነ መነጽሩን እያስተካከለ። "እኔን ባዮሎጂ ነው ያስተማሩኝ!"

ጋሽ ይርዳው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ ከዚያ እንደገና ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ መሀረብ አቀበለቻቸው።

ባሻም በሰላም ተገላገለች። ሰፈሩ ልጆቿን ሊጠይቅ መጥቶ፣ "ስማቸውን ማን አሉት?" ቢል ጋሽ ይርዳው እጃቸውን አወናጨፉ።

"ቆይ እስቲ፤ መጀመሪያ ዶክተር ሰሚራ ትያቸው።"