ዳልቻና ዘመዱ ጅራፍ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው እንስሳት ሲተማሙ ሰው ይሰማቸው በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ግራዝማች ዝንጀሮ የሚባል ጌታ ነበር። ማረስ አያውቅም፣ መሸከም አያውቅም፤ መብላት ግን ያውቅበታል። ባሪያዎቹ ሁለት በሬዎችና አንዲት አህያ ነበሩ። በሬዎቹ ዳልቻና ቡሬ ያርሱለታል፣ ያበራዩለታል። አህያዋ እትዬ ሸጊቱ ትሸከምለታለች። ዘግየት ካሉ ጅራፉን ያነሳል።

በአገሩ ልማድ፣ በሬ አውድማ ላይ ሲያበራይ ጎንበስ ብሎ ቢቀምስ ማንም አይከለክለውም። ግራዝማች ግን የበሬዎቹን አፍ በገመድ አሰረ። ዳልቻ የሚረግጠውን እህል እያሸተተ ዋለ። በማግስቱም እያሸተተ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ቆመ። ቡሬም ቆመ። ግራዝማች ጅራፉን ሲያነሳ እትዬ ሸጊቱ ከኋላ መጥታ በሁለት እግሯ አቀመሰችው። እየተንከባለለ ሄደና ተነስቶ ከአውድማው ማዶ ያለው ገደል ላይ ሸሽቶ ወጣ፤ ጅራፉ አውድማው ላይ ቀረ።

እትዬ ሸጊቱ የበሬዎቹን ገመድ በጥርሷ በጠሰችላቸው። ቡሬ፣ ጅብ ጠፍር ይወዳልና ጅራፉን ለጅብ እንስጠው አለ። ይሄኔ ጅራፉ ማልቀስ ጀመረ።

«ዳልቻ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም። የተገመድኩት ከአክስትህ ቆዳ ነው። ዘመድህን ለጅብ ትሰጣለህ?»

የዳልቻ ሆድ ባባ። ጠጋ ብሎ ሲያሸተው እውነትም አክስቱን አክስቱን ሸተተው። ለመታሰቢያ ብሎ ጎተራው ላይ ሰቀለው። ቡሬ፣ ስትገርፈን የኖረችው አክስትህ ናትና እንኳን ደስ አለህ ብሎ አሾፈበት።

ዓመቱ ዞሮ የራሳቸው እህል ለመጀመሪያ ጊዜ አውድማ ላይ ዋለ። ሰማዩ ጠቆረ፤ እህሉ ዝናብ ሳይመታው ጎተራ መግባት አለበት። እትዬ ሸጊቱ ግን በቀድሞ ሸክም የተጎዳ እግሯን እያነከሰች ዘገየች። ጅራፉ ከተሰቀለበት ለዳልቻ ሹክ አለው። «አትምታት፤ ብቻ ያዘኝና ትየኝ።» ዳልቻ በአፉ ያዘው። አየችው፤ ፈጠን አለች። በሁለተኛው ምልልስ፣ አየሩን ብቻ ምታ አለው። መታ። በሦስተኛው ጅራፉ ምንም አላለም፤ ዳልቻ ራሱ አነሳና ጀርባዋ ላይ አሳረፈው።

እትዬ ሸጊቱ ጭነቷን አራግፋ እጅ ነሳች።

«እሺ ግራዝማች። ከገደሉ መቼ ወረዱ?»

ዳልቻ፣ እኔ እኮ ዳልቻ ነኝ ሊል ፈለገ። አፉ ጅራፍ ይዟልና «እምም» ብቻ አለ። ቡሬ እህል እያላመጠ ቀና አለ።

«አንተ፣ ዘንድሮ ደግሞ አፍህን ማን አሰረው?»

እትዬ ሸጊቱ መንገዷን ያዘች። ከገደሉ ላይ የግራዝማች ሳቅ ተሰማ። ዳልቻ ነገሩ ገባው፤ እሷ ከሄደች ግራዝማች ሲወርድ የሚራገጥለት የለም።

ጅራፉን እንደያዘ ወደ ጅብ ጉድጓድ ሮጠ። ጅራፉ መንገዱን ሁሉ አክስትህን፣ ዘመድህን እያለ ተለማመጠው። ዳልቻ አልመለሰለትም፤ አፉን ቢከፍት ይወድቅበታልና። ጉድጓዱ በር ላይ ጣለው። ጅብ ዝምድና አልጠየቀም።

ከዚያ እትዬ ሸጊቱን ደረሰባትና ይቅርታ ለመናት። እሷ መጀመሪያ ያየችው አፉን ነበር።

«ጭነቱስ?»

«እኔ እሸከመዋለሁ።»

በዚያ ዓመት እህል የተጫነ በሬ ያየ ሁሉ ሳቀ፤ ዳልቻም ሳቁን ቻለው። እትዬ ሸጊቱ ተመለሰች፤ እስከ ክረምት ግን ከበረቱ ማዶ ነበር የምታድረው።

እናንተም ጌታችሁን ያባረራችሁ ቀን ጨፍሩ። ስትጨርሱ ግን ግቡና ጎተራችሁ ላይ ምን እንደተሰቀለ እዩ፤ ዘመዳችሁ ነኝ ቢላችሁም አውርዱት። ተረቴን እዚህ አራገፍኩ።