እስከ ምንጩ ያድርሰኝ

በእኛ በኩል አንድ አባባል አለ። ለሰው ሁሉ ማር፣ ለቤቱ ግን ኮሶ የሚሆን ወንድ ሲታይ ነው የሚባለው። ሽማግሌውም ይለዋል፣ ልጁም ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመጣው ከዘርፌ ደጅ ነው። ዘርፌ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ነበረች። አንድ ቂም አስራ ዘጠኝ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ለሰው አላወጣችውም።

ቂሙ እንዲህ ነው። ዘርፌ ገረመውን ያገባች ጊዜ እንደ አገሩ ወግ መንገድ ሲሄዱ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ ነበሩ። ይህ አልከፋትም፤ እናቷም እንዲሁ ስትሄድ ነው የኖረችው። የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች ግን ከለቅሶ ሲመለሱ የአጋም በር ቁልቁለት ላይ እግሯ ከዳት። ዝናብ ጥሎ ነበር። ተንሸራትታ ወርዳ አንድ ቁጥቋጦ ያዛት። «ገረመው» ብላ ተጣራች። ደግማም ተጣራች። የጋቢው ጫፍ በመታጠፊያው ሲሰወር በዓይኗ አየችው። አልዞረም። እሱ ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ሳለ ነው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ያደረሷት። ልጁ ወንድ ነበር። አልተረፈም።

ገረመው ያን ቀን አለቀሰ። ሐሰት አይነገርም፣ አልቅሷል። «ከኋላዬ ያለሽ መስሎኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ቃል አልወጣውም። እሷም አላነሳችበትም። እሷ እሱ ይጠይቀኝ ብላ ጠበቀች፤ እሱ ደግሞ ረስታዋለች ብሎ ዝም አለ። በመሃሉ ሴት ልጅ ወልደው፣ አሳድገው ዳሩ።

ገረመው ክፉ ሰው አልነበረም። አይማታም፣ ጎተራ አያጎድልም፣ ሰክሮ አይገባም። «ምን ጎደለሽ?» ቢሏት የምትመልሰው አልነበራትም። መንገድ ሲወጡ ግን ዛሬም ፊት ፊት ነው፤ ዛሬም አይዞርም። የባሏን ተረከዝ ከፊቱ ይልቅ ታውቀዋለች። የቱ ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ጫማ እንደሚያጋድልበት ዓይኗን ጨፍና ትነግራችሁ ነበር።

እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ገረመው አንድ ቀን ከገበያ ወሬ ይዞ መጣ። ቆላ ያለ አንድ የብርቱካን እርሻ ውሻ የሚይዝ ዘበኛ ይፈልጋል። ቤት ይሰጣሉ፣ ደመወዙም ደህና ነው። ነገር ግን ውሻው ያለ ገመድ፣ ከዘበኛው ጉልበት ሳይለይ በለቃሚዎች መሃል ማለፍ አለበት፤ ሰው ባየ ቁጥር የሚዘል ውሻ አይፈልጉም። ገረመው ሳያገባ በፊት ወታደር ሆኖ የመሣሪያ መጋዘን ሲጠብቅ ውሻ ማሰልጠን ተምሯል። ቤቱም ዳማ የሚላት አንዲት ቀይ ውሻ ነበረችው። ዶሮ የምታባርር፣ ቄስ ላይ የምትጮህ፣ ልጓም የማታውቅ ጎረምሳ ውሻ። በማግስቱ አውድማው ላይ ይዟት ወጣ።

ዘርፌ ደጅ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ታያቸዋለች። አጭር ገመድ በግራ እጁ፣ የተቆራረሰ ዳቦ በግራ ኪሱ ነው። «ጎን» ይልና በግራ እግሩ ይነሳል። ዳማ ቀድማ ስትፈተለክ እሱ አይጮህም፣ አይማታም። ዝም ብሎ ዞሮ በመጣበት ይመለሳል። እሷም ብቻዋን መቅረቷን ስታይ ደንግጣ ትከተለዋለች። ወደ ኋላ ስትቀርበት ደግሞ ይቆማል። ጭኑን መታ መታ ያደርጋል። ይጠብቃታል። ስትደርስለት «ጎበዝ፣ የእኔ እመቤት» ብሎ ከኪሱ ያጎርሳታል። ትከሻዋ ከጉልበቱ ሊያልፍም ሊጎድልም አይገባም፤ ልክ እኩል ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይቆማል፣ ሃምሳ ጊዜ ይጠብቃል። ዘርፌ አንዳንዴ የለቀመችውን ምስር ከእንክርዳዱ ጋር መልሳ ትቀላቅለው ነበር፤ እጇ እዚያ ቢሆንም ዓይኗ ሌላ ቦታ ነውና።

መንደሩ መሳቂያ አገኘ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ጎረቤቷ ብርቄ፣

«ዘርፌ፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» አለቻት።

«ጎርሳ አደረች።»

«ቆንጆ ናት አሉ። ከጎኑ አትለይም አሉ።»

«ትሻላለች። እሷ ብትነክስም ጥርሷ ይታያል፤ እንደ አንቺ በምላሷ አይደለም።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። ብርቄ አልተበገረችም። «እሱስ ይሁን፤ አንቺን መቼ ነው ያጎረሰሽ?»

«የሠርጌ ዕለት» አለች ዘርፌ። እሷም አብራ ሳቀች። ዱቄቷን ተሸክማ አቀበቱን ስትወጣ ግን ያ ሳቅ ፊቷ ላይ አልነበረም።

በአራተኛው ወር ገመዱ ወለቀ። ዳማ ያለ ገመድ ከገረመው ጉልበት እንደ ጥላ ተጣብቃ ትሄድ ጀመር። ሲቆም ትቀመጣለች፤ ሲነሳ ትነሳለች። የእርሻው ኃላፊ አይቶ ወደዳት። የገረመው አጎት አያ ክንዴ ይህን ሰምቶ ሊጠይቀው መጣ። አያ ክንዴ የመንደሩ የሽምግልና አባት ነው፤ ወንድ ወደ ኋላ እያየ ከሄደ አገር ይጠፋል የሚል የድሮ ሰው።

«እኔን የገረመኝ» አለ አያ ክንዴ ጠላውን ይዞ፣ «አንተ ቁልቁል አታያትም። ዓይንህ ፊት ለፊት ነው። መቅረቷን በምን ታውቃለህ?»

ገረመው ጉልበቱን ዳሰስ አደረገ። «እዚህ ጋ ነው፣ አያ። ግማሽ እርምጃ ስትቀር እዚህ ጋ ይታወቀኛል። ማየት አያስፈልግም። ልብህን ከሰጠኸው እግር ዓይን ያወጣል።»

ዘርፌ ልትቀዳ ያነሳችው ማንቆርቆሪያ በእጇ እንዳለ ቀረ።

«በስንት ጊዜ ተማርከው?» አለች።

«ምኑን?»

«በጉልበትህ ማወቁን።»

«በአራት ወር» አለ ገረመው ደስ ብሎት። ቀድታለት ወጣች። ጓሮ ሄዳ ብዙ ቆየች።

በዚያው ሳምንት ገረመው ጓዙን ማሰር ጀመረ። መደቡ ላይ ያለውን አንሶላ፣ ወንፊቱን፣ ድስቱን፣ ሁሉን በስልቻና በገመድ ጠፈረ። «ሰኞ እንወርዳለን» አላት።

«አንተ ውረድ። እኔ አልከተልህም።»

«ምን ሆነሽ?»

«አልከተልህም አልኩ።»

ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ልጃቸውን ልኮ ቢያስመክራት ከዚህች ቃል ሌላ አልወጣትም። በመጨረሻ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌ ሰበሰበባት። አያ ክንዴ አንዱ ነው። ሌላው ጫኔ የሚባል አፈኛ ጎልማሳ ነው። ሦስተኛው ጆሮው የደከመ አዛውንት ሲሆን ሁሉም ከተስማሙበት ጋር ይስማማል። ግቢው በር ላይ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘርፌ ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ቆመች።

«ልጄ፣ ይመታሻል?» አለ አያ ክንዴ።

«አይመታኝም።»

«ያስርብሻል?»

«አያስርበኝም።»

«ሌላ ሴት ይዟል?»

«ከዳማ ሌላ?» አለ ጫኔ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ያልሰማውም አብሮ ሳቀ።

ዘርፌ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ከእሱ ጋር መንገድ አልሄድም፣ አባቶቼ። የአጋም በርን ታስታውሱታላችሁ።»

ገረመው መሬት መሬት አየ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የዚያ ቦታ ስም በዚያ ግቢ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እሱ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለ አያ ክንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያዳለጠኝስ ጭቃው ነው። በእሱ ማንንም አልከስም። ያልዞረው ግን እሱ ነው። ተጣርቼ ነበር።»

«አልሰማሁሽም» አለ ገረመው። «ነፋስ ነበር፣ ዘርፌ። እግዜር ያያል፣ አልሰማሁሽም።»

«አልሰማሁም አለሽ እኮ» አለ ጫኔ። «ያኔም ልጅ ነበር። ሰው በአስራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ነገር ይሆናል። ዛሬ ሌላ ሰው ነው።»

ዘርፌ ይህን አሰበችበት። በሩ ፊት ያለው ሜዳ ወረድ ብሎ ምንጩ ጋ ያልቃል፤ ከተቀመጡበት ሆነው ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረውሩ በሁለተኛው ይደርሳል።

«ሌላ ሰው ከሆነ ደግ» አለች። «እስከዚያ ምንጭ ያድርሰኝ። ሌላ አልልም። እኔን ይዞ ምንጩ ከደረሰ ነገ በጠዋት ጓዜን አዝዬ እከተለዋለሁ፤ ስለ አጋም በርም እስክሞት አላነሳም። ካላደረሰኝ ግን ማንም ሁለተኛ ተከተይው አይበለኝ። እናንተ ምስክር ሁኑ።»

«እስከ ምንጩ?» አለ ጫኔ። «ይህችን ዓይነት ውል እኔም ከሚስቴ ባገኘሁ።»

«ይኸው ብቻ ነው?» አለ ገረመው። ፊቱ ሲበራ ታየ።

«ይኸው ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ። «እግረ መንገድህን ያቺን ውሻ አሳየን» አለ ጫኔ። ገረመው ዘርፌን አየና «ነይ» አላት፤ ዳማን ደግሞ «ጎን» አላት። በግራ እግሩ ተነሳ።

ዘርፌ ተከተለችው። ሰው አሸንፋለሁ ብሎ ነው የሚወራረደው፤ ዘርፌ ግን ያን ቀን መሸነፍ ነበር የፈለገችው። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደች። ተረከዙን እያየች ሄደች። ከዚያ ቆመች። አሁን ይዞራል አለች በልቧ። የነገርኩት ገና ጆሮው ላይ ነው፤ አሁን ይዞራል። አልዞረም። ሽማግሌዎቹ እያዩት ነውና ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ፊት ለፊት ተክሎ ይሄዳል። ዳማ እንደ ተለካች ከጉልበቱ እኩል ናት።

«ገረመው» አለች። ጮክ አላለችም፤ ግን ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ሰሙት። እሱ ሄደ።

መሃል ሜዳ ላይ ሲደርሱ ዳማ ቆመች። ድምፅ አላሰማችም፤ የፊት እግሯን ብቻ አንስታ ቀረች፤ እሾህ ወግቷት ነበር። ገረመው ሌላ እርምጃ አልጨመረም። እንዳለ ቆመ። በርከክ ብሎ መዳፏን ያዘ፣ እሾኹን ነቀለላት፣ ከኪሱ አጎረሳት። «የእኔ እመቤት» ሲላት ነፋሱ ድምፁን ወደ ላይ አመጣው። ቀና ብሎ ተነሳ፣ ጭኑን መታ መታ አደረገ፣ ቀስ ብሎ፣ እያነከሰች እንዳትቀርበት እርምጃውን አሳጥሮ፣ ምንጩ ድረስ ሄደ።

እዚያ ደርሶ «ይኸው፣ ደረስን» እያለ ዞረ።

ዘርፌ ዓይን ለዓይን አየችው፤ በመካከላቸው ሜዳው አለ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹን ስታልፍ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቶቼ» አለች። አላለቀሰችም። ቤት ገባችና የታሰረውን ጓዝ መፍታት ጀመረች። የእሱን ልብስ ለብቻ፣ የእሷን ዕቃ ለብቻ አደረገች። ወንፊቱን ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ድስቱን ጉልቻው ላይ መለሰችው።

ደጅ ጫኔ ተነስቶ ቆሟል። «ይሄ ተንኮል ነው» ይላል። «እሷ እኮ ነች ሆን ብላ የቆመች። ሰው ቆሞ ሲቀር ጥፋቱ የሚሄደው ነው? ይህ ውል አይጸናም።»

አያ ክንዴ ከዘራውን በጉልበቱ መሃል ተክሎ ወደ ሜዳው ያያል። እሱ ራሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሚስቱ ፊት ሲሄድ የኖረ ሰው ነው።

«ውሻዋም እኮ ቆማ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ጫኔ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያ ጆሮው የደከመው አዛውንት «ምን አለ?» ቢል የሚነግረው አጣ።

ገረመው ሜዳውን ወጥቶ መጣ። ዳማ ከግራ ጉልበቱ እኩል ናት፤ ሲቆም ልክ እንደተማረችው ተቀመጠች። በበሩ በኩል ዘርፌ የእሱን ስልቻ ለብቻው አውጥታ ደፉ ላይ ስታኖር አየ። ላቡ በግንባሩ ወርዷል፤ አልጠረገውም።

«ምን ፈረዳችሁ፣ አያ?» አለ።

አያ ክንዴ ከዘራውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳና፣ «እኛ ምን እንፈርዳለን፤ የፈረደው እግርህ ነው፣ ልጄ፤ እንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝም የምለው ይህንኑ ነው፦ ለውሻው ጎኑን፣ ለሚስቱ ጀርባውን» አለው።