ስንቅና ፊልም

አንድ ቀን ወደ መቱ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መስኮቱን የያዙት አቶ ዘገየ የሚባሉ ጠና ያሉ የቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው፤ አጠገባቸው ያለው ደግሞ ወንድይፍራው የሚባል አናጢ። ገና ከተማውን ሳንለቅ አቶ ዘገየ ሳሙና የምታክል ሳጥን ከኪሳቸው አውጥተው ይኩራሩብን ጀመር። ሁለት መቶ ፊልም በሆዷ ይዛለች፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ደንታዋ አይደለም፤ ፊልሙን ታብሌታቸው ላይ ትልክላቸዋለች። የይለፍ ቃሏን ካወቀ ስምንት ሰው በየስልኩ ሊያይባት ይችላል አሉ። እኛም እሰይ አልን፤ ኔትወርኩ ከከተማው ጋር ወደ ኋላ ቀርቶብን ነበርና።

እሰይታችን ግን ቶሎ ከሰመ። ፊልሙ የፍርድ ቤት ታሪክ ነው፤ ወንድይፍራው አንገቱን እያሰገገ አብዛኛውን ካየ በኋላ፣ ዳኛው ገዳዩን ሊናገር አፉን ሲከፍት አቶ ዘገየ ታብሌቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። አናጢው አንጀቱ አረረ። ቢሆንም በትሕትና የይለፍ ቃሉን ለመናቸው።

«ፊልም እንደ ስንቅ ነው ልጄ» አሉት፤ «እጅ ሲበዛበት ያልቃል።»

እኩለ ቀን ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን። ዶዘር እስኪመጣ ታገሱ ተባልን። እዚያ ጫካ መሃል ምግብ ቤት ቀርቶ ቆሎ የምትሸጥ ሴት እንኳ የለችም፤ አቶ ዘገየ ደግሞ ፊልም እንጂ ስንቅ አልያዙም።

ወንድይፍራው ሚስቱ የቋጠረችለትን ቋንታ ፍርፍር ሲከፍት ሽታው አውቶብሱን ሞላው። እንደ ወጉ ዙሪያውን «እንብላ» አለ፤ እኛም ሳናፍር ተጠጋን። አቶ ዘገየ ብቻ ወደ ውጭ እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። አናጢው ዞር ብሎ አንድ ጉርሻ አጎረሳቸው፤ ደግነቱ ልቤን ነካው። ሁለተኛውን ጠቀለለና አፋቸው አጠገብ ሲደርስ እጁን ቆም አደረገ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና አቶ ዘገየ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

«ጋሼ» አለ ወንድይፍራው፣ «ስንቅማ ይኸው ሲበሉት እያለቀ ነው፤ እኔ ግን እንብላ ብያለሁ። የእርስዎን ፊልም ከጠዋት ጀምረው ሲያዩት ዋሉ፤ እስቲ ምኑ ጎደለ?»

ጉርሻው ገባ። አቶ ዘገየ አላምጠው ሳይጨርሱ የይለፍ ቃሉን ተናገሩ፤ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ግን ማንም አልለየውም። ውጠው እንዲደግሙልን ለመንናቸው፤ ደገሙልን። ከአውቶብሱ ወርደን መንገዱ ዳር ተቀመጥንና ፊልሙን በየስልካችን ከመጀመሪያው ከፈትነው።

ዶዘሩ ደርሶ መንገዱን ሲከፍት ሾፌሩን «ዳኛው ፈርዶ እስኪጨርስ ትንሽ ታገሰን» ብለው የለመኑት ራሳቸው አቶ ዘገየ ናቸው።