ከወንዝ ማዶ የመጣችው ፍየል

ተረቴን ስሙኝ፤ ሰምታችሁም ለጎረቤት አድርሱልኝ።

ከደረቀው ወንዝ ማዶ የሚኖሩ ፍየሎች «የምንጩን ውኃ ተራ አንበሳው ብቻውን አይወስን፤ እኛም እንወስን!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። አንበሳው ሲያሳድዳቸው አንዲት ፍየል ግልገሏን ይዛ ተሻገረችና በዚህኛው ዳር የሚኖሩትን እንስሳት በር አንኳኳች።

«አስጠጉኝ፤ ከነግልገሌ ሊበላኝ ነው።»

በር ጠባቂው በሬ «ቆይ እስቲ እትዬ፤ የሚያስጮኻችሁ የአንበሳው ባላንጣ ጅቡ ነው ይባላል» አላት።

«እኔን ያስጮኸኝ ጥማት ነው ጋሼ።»

ዝንጀሮ ሳቀ። «የጅብ ተላላኪማ ጅብ ላከኝ አይልም!»

ግራ ቢገባቸው ነገሩን አጣርታ እንድትመጣ ኤሊን ላኩ። ኤሊ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች።

«ምንጩ ታጥሯል። ጅቡም አብሯቸው ይጮኻል። ዱካው ግን በፍየሎቹ ዱካ ላይ ነው ያረፈው፤ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።»

«ታዲያ የጅቡ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለ በሬው።

«ያየሁትን ነገርኳችሁ።»

ዝንጀሮ ዓይኑን አጠበበ። «ለመሆኑ አንቺን ማን ላከሽ?»

«እናንተ ናችኋ!»

እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛንስ» አለ በሬው ቀስ ብሎ፣ «ላኳት ያለን ማን ነው?»

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ፤ ፍየሏ ግን ከነግልገሏ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።