የአልችልም ድንጋይ

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ዋንዛ ብቻዋን በቆመችበት ሜዳ፣ የአገሩ ሰው «አልችልም» የሚለው አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። በዚያ አገር ለሽምግልና የተመረጠ፣ ቅስና የተቀበለ፣ ጎጆ የሚወጣ ሙሽራም ሳይቀር መጀመሪያ እዚህ መጥቶ ድንጋዩን ይነካና «አልችልም» ይላል፤ የተሰበሰበውም ሰው «እሱ ይችላል» ብሎ ይመልስለታል። መንገደኛ ሲሰማ ይስቃል፤ ካልቻለ ምን አስመኘው ይላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

እንደሚነገረው፣ በዱሮ ዘመን ይስማው የሚባል ጎልማሳ በድንበር ጠብ የአያ ሽባባውን አንድያ ልጅ በዱላ መትቶ ገደለና ደብር ገብቶ ተማጠነ። የሽባባው ወንድሞች ደም ሊመልሱ ጦራቸውን ይስሉ ጀመር፤ የይስማው ወንድሞችም ሰባት ነበሩና አንድ ሰው ተጨምሮ ቢወድቅ አገሩ በሞላ ሊተላለቅ ሆነ። ተስፋው ሁሉ የተጣለው በአስታራቂው በአለቃ ፈንታ አንደበት ላይ ነበር። እሳቸውም ለእርቁ ሦስት ቀን ሲቀር ዐረፉ፤ ሲያርፉም «ልየው ይተካኝ» ብለው ተናዘዙ ይባላል።

አያ ልየው ደግሞ ከንቦቹ ጋር ውሎ ከንቦቹ ጋር የሚያመሽ፣ ማኅበር ላይ እንኳ ለማመስገን ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነበር። አለቃ በጣር ላይ ሆነው ዘላብደው ነው እንጂ እኔን አይሉም ብሎ ሊጠፋ ሲነሣ፣ ሚስቱ እናኑ በሩ ላይ ቆመች።

«ለአለቃስ አፉን የሰጣቸው ማን ሆነና ነው?» አለችው። «የሰጠው አልሞተም።»

ልየውም ቀረ። ግን ሰጪውን በመለመን ፈንታ፣ አለቃ በየእርቁ ይሉት የነበረውን ንግግር ከሰው ከሰው ለቅሞ ሦስት ቀን ሙሉ ለንቦቹ ሲያነበንብ ሰነበተ።

ቀኑ ደርሶ ሁለቱ ወገኖች ከዋንዛዋ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። በልማዱ በዳይ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ተበዳይ ተነሥቶ ካወረደለት ደሙ ቀረ ማለት ነው። ይስማውም ድንጋዩን ተሸክሞ ተንበረከከ። ሽባባው ፊቱን አዞረ። አያ ልየው ተነሥቶ አፉን ቢከፍት ከአለቃ ቃል አንዲቷ እንኳ የለችም። የሽባባው ወንድሞች ጦራቸውን እያነሡ መቆም ጀመሩ።

«አቤቱ፣ እኔ አልችልም፤ አንተው ቻለው» አለ ልየው፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

ከዚያም ማንም አስታራቂ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ድንጋዩን ከይስማው ማጅራት አንሥቶ በራሱ ማጅራት ላይ ጫነና ከሽባባው እግር ሥር ሄዶ ተንበረከከ። አንዳንዶች ግራ ገብቶት ነው ይላሉ፤ እናኑ ግን እስክትሞት ድረስ «እሱም አያውቀው፤ አድራጊው ሌላ ነው» ትል ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን በደልኸኝ?» አለ ሽባባው። ልየው ድንጋዩን እንደተሸከመ ይበልጥ ጎነበሰ። የቀጨጨ አንገቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክንዱ ዛለ፤ ሊደፋ ሲል ሽባባው ሳያስበው ብድግ ብሎ ድንጋዩን አወረደለት።

ሽባባው ያደረገውን ያወቀው ይሄኔ ነው። ታናሽ ወንድሙ፣ ያወረድኸው ለልየው ነው እንጂ ለገዳዩ አይደለም፣ መልሰህ ጫንበት አለው። ሽባባው ድንጋዩን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ አልወጣ ያለው እንባው ያን ቀን ወረደ ይባላል።

«ይቅር ማለት አልችልም ብዬ በየቀኑ ለእግዜር እነግረው ነበር» አለ። «ለካ ሲሰማኝ ኖሯል።»

ድንጋዩን ከዋንዛዋ ሥር አኖረው፤ ይስማውንም በእጁ ይዞ አስነሣው። ልየው ከዚያ ወዲህ ለብዙ እርቅ ተጠራ፤ ንግግር ግን ሳይማር ሞተ።

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው፤ እጅ የሚያርፍበት ጎኑ ለስልሶ ልሙጥ ሆኗል። አዲስ የተመረጠ ሰው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ «አልችልም» ሲል ሽማግሌዎቹ ደስ ይላቸዋል። ድምፁ ካልተንቀጠቀጠ ግን «ድገመው» ይሉታል።