ትርንጎን ማን ይስማት

ኑማ፣ ተጠጉኝማ! ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ ልብ ያለው ልቡን ይዞ ይቅረብ። አፍ ብቻ ይዞ የመጣ ግን እዚያው በር ላይ ይቆየን።

ወይራ አፋፍ በሚባል አገር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቱ አፋፉ ላይ ነው፤ መንደሩ ታች ከመስኖው ቦይ ዳር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት የንባብ ቀን ነው፤ ልጆቹ እየተነሱ ያነባሉ። ለወላጆች ተብሎ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ የሚቀመጥበት ግን የለም። ትርንጎ ልታነብ በቆመች ቁጥር ዓይኗ ወደ በሩ ይሄድባታል፣ መስመሩም ይጠፋባታል። እናቷ ይጋርዱ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ መጥታ ብትሰማት! ሌላ ምንም አልፈለገችም።

«እማዬ፣ ዓርብ ነይና ስሚኝ» አለቻት።

«እንዴት አድርጌ ልምጣ ልጄ? ዓርብ ጠዋት የውሃ ተራዬ ነው። ተራዬ ካለፈኝ ሽንኩርቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ከቻልሽ አያ ደርሶን ለምኛቸው፤ ተራዬን ይቀይሩልኝ።»

እናት ከቦይ አትነሳ፣ ትርንጎን ማን ይስማት!

አያ ደርሶ የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃው መቼ ለማን እንደሚለቀቅ የሚያዝዙት እሳቸው። ትርንጎ ሮጠች። «አያ፣ የእማዬን ተራ ይቀይሩላት፤ ትምጣና ትስማኝ።»

«ኧረ በይ! ተራ ነክቼ ካገር ልጣላ? ላይ ቦዩ ውስጥ ናዳ ወርዶበት ውሃው የሽማግሌ እንባ ያህል ነው የሚደርሰን። ቦዩ ቢጠረግ ለሁሉም ይተርፋል፤ ያኔ እቀይርላታለሁ። ሂጂ፣ ጋሼ ብዙአየን ደቦ ይጥሩ በያቸው።»

አያ ደርሶ ተራ አይቀይሩ፣ እናት ከቦይ አትነሳ፣ ትርንጎን ማን ይስማት!

ደቦ ጠሪውን ጋሼ ብዙአየን በሬ ሲያጠጡ አገኘቻቸው። «ጋሼ፣ ደቦ ይጥሩ፤ ቦዩ ይጠረግ።»

«መጥራቱስ ለእኔ ምን ያቅተኛል! ግን ናዳው ያወረደውን ቋጥኝ በጥርሳችን እንፈንቅለው? ዲጂኖ ይፈልጋል። ዲጂኖው ደግሞ እናንተው ትምህርት ቤት መጋዘን ተቆልፎበታል። ዘበኛውን አባ ጎሹን ይክፈቱ በያቸው።»

ጋሼ ብዙአየ ደቦ አይጠሩ፣ ቦዩ አይጠረግ፣ አያ ደርሶ ተራ አይቀይሩ፣ እናት ከቦይ አትነሳ፣ ትርንጎን ማን ይስማት!

ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። አባ ጎሹ ቁልፉን ባንገታቸው አንጠልጥለው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ቁልፉ የእኔ፣ ትእዛዙ የቲቸር ውዳላት። እሷ ሳታዝ አንዲት ሚስማር አትወጣም!» አሉ። ወርቅ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት እኮ!

አባ ጎሹ በር አይከፍቱ፣ ዲጂኖው አይወጣ፣ ጋሼ ብዙአየ ደቦ አይጠሩ፣ ቦዩ አይጠረግ፣ አያ ደርሶ ተራ አይቀይሩ፣ እናት ከቦይ አትነሳ፣ ትርንጎን ማን ይስማት!

ቲቸር ውዳላት ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ትምህርት ቤቱን የምትመራ መምህርት ናት። «ዲጂኖውንማ በሰጠሁ» አለች። «ግን አጥሩ ሲወድቅ የመጣ ወላጅ የለም። ለንባብ ቀን ስጠራ የመጣ የለም። አንድ ወላጅ፣ አንድ ብቻ፣ በዚያ በር ገብቶ ይጠይቀኝ፤ መጋዘኑን ከነቁልፉ እሰጠዋለሁ!»

ወላጅ በበር አይገባ፣ ቲቸር ውዳላት አታዝ፣ አባ ጎሹ በር አይከፍቱ፣ ዲጂኖው አይወጣ፣ ጋሼ ብዙአየ ደቦ አይጠሩ፣ ቦዩ አይጠረግ፣ አያ ደርሶ ተራ አይቀይሩ፣ እናት ከቦይ አትነሳ፣ ትርንጎን ማን ይስማት!

ጉድ እኮ ነው! እናት እንድትመጣ መጀመሪያ እናት መምጣት አለባት። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ?» አለች መምህርቷ።

«እማዬ ናፈቀችኝ።»

«ቤት አብራሽ አይደለችም እንዴ?»

«ቤትማ አለች። እዚህ ነው የናፈቀችኝ።»

ቲቸር ውዳላት አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔኮ ጠርቻቸዋለሁ፤ 'ወላጅ አምጡ' ብዬ በእናንተ ልኬአለሁ።»

«ወላጅ አምጪ የሚባል ያጠፋ ልጅ ነዋ! እማዬ 'ምን አጥፍተሽ ነው' ብላ ቆነጠጠችኝ። ሌሎቹማ ፈርተው ጭራሽ አልተናገሩም። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው ደጁ ተሄዶ ነው፤ ለደቦም፣ ለድግስም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንባቸዋል፤ ማን ይመጣል?»

መምህርቷ ፊቷ ቀላ። ነጠላዋን ብድግ አደረገችና «ተነሺ፣ ቤታችሁን አሳዪኝ» አለች።

«ቤቶች!» አለች ደጁ ላይ ቆማ። ይጋርዱ እጇ ጭቃ እንደሆነ ብቅ አለች፤ ልጇን ከመምህርቷ ጋር ስታይ ክው አለች። «ምነው፣ ምን አጠፋች?»

«ያጠፋሁስ እኔ ነኝ፣ እትዬ ይጋርዱ። እስከ ዛሬ መጥቼ አልጠራዎትም። ይኸው ልጠራዎት መጣሁ።»

«ደጄ ድረስ መጥተውማ እንዴት እቀራለሁ!» አለችና እጇን ታጥባ ተከተለቻት።

ከዚያማ ምን ያቆመው! ቲቸር ውዳላት ደጅ ወረደች፣ ይጋርዱ በበሩ ገብታ ጠየቀች፣ ቲቸር ውዳላት አዘዘች፣ አባ ጎሹ መጋዘን ከፈቱ፣ ዲጂኖው ወጣ፣ ጋሼ ብዙአየ ደቦ ጠሩ፣ ቋጥኙ ተፈነቀለ፣ ቦዩ ተጠረገ፣ ውሃው እየፎከረ ወረደ፣ አያ ደርሶ ተራ ቀየሩ፣ እናት ከቦይ ተነሳች!

ዓርብ ጠዋት አግዳሚው ሞላ፤ መምህርቷ ደጅ ለደጅ ዞራ ነበርና። ይጋርዱ ጫፉ ላይ ተቀምጣለች። ትርንጎ ተነሳች። ከዚያ ስለ አንዲት ዶሮ የምትናገር አጭር ንባብ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ በሩን አንዴም አላየችም።

መምህርቷ ቀጣዩን ልጅ ልትጠራ ስትል ይጋርዱ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ የኔ እመቤት... ልጄ ትድገምልኝ። አልጠገብኳትም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎም እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ከላይ ጀመረች።

እኔ እስከዚህ አደረስኩ፤ የቀረውን መንገድ እናንተ ውረዱት።