የያምሮት ግንድ

አጥፍቶ ሲያበቃ የተበደለውን የሚቆጣ ሰው ሲያጋጥመን የምንለው አባባል አለ። ብዙ ሰው ይስቅበታል። ከማን ደጅ እንደ ወጣ ቢያውቅ ግን የሚስቅ አይመስለኝም።

ያምሮት ባሏ ካሴ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ኑግ እየጨመቀች ነበር። የመጭመቂያው ግንድ አርጅቶ ሲሰበር፣ ካሴ በሕይወት ሳለ ቆርጦ አራት ዓመት በጥላ ያደረቀው አንድ የወይራ ግንድ ብቻ ቀራት። ርዝመቱ ሦስት ክንድ ነው፤ የብረት ዘንግ ከጫፍ ጫፍ ሊያልፍበት ይገባል። ሊበሳላት አናጢው ጓንጉል መጣ።

በዚያ አገር ግንድ ለብቻ አይበሳም። በሺው ከሁለቱም ጫፍ እየሰረሰረ መሐል ላይ ያገናኛል፤ የራሱን መዝመም ግን ማየት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ መሰርሰሪያውን በግንዱ ላይ ከተሰመረው የከሰል መስመር ጋር ያስተያያል። እዚያ ቦታ የሚቆመው ካሴ ነበር። አሁን ያምሮት ቆመች።

«አያ ጓንጉል፣ ወደ እኔ ዘመመ።»

«ዝም ብለሽ ቁሚ።»

«ኧረ እየባሰበት ነው!»

«ሃያ ዓመት የበሳሁትን ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ? ሂጂ ወጥሽን አማስይ!»

አልሄደችም። እሱም አልሰማትም። ሁለቱን ጫፍ ጨርሶ ዘንጉን ሲያስገባው፣ ቀዳዳዎቹ ስላልገጠሙ መሐል ላይ ደርሶ አላልፍ አለ።

«አላልኩህም?»

«አንቺው ነሻ ያሟረትሽበት!» ብሎ ትልቁን መዶሻ አነሣ።

«ተው! ቀስ ብለህ አስፋው፤ ሌላ ግንድ የለኝም!»

የዘንጉን ጫፍ ሁለቴ መታው። በሦስተኛው ወይራው ጮኸ፤ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፈለ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጓንጉል ላቡን እየጠረገ፣ «እንጨቱ ራሱ ብስባሽ ነበር» አለ።

ያምሮት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያደረቀው ሰው ሞቷል፣ አይከራከረኝም ብለህ ነው?»

ጓንጉል ጭራሽ ብሶበት፣ «ደሞ ታፈጪብኛለሽ!» እያለ መዶሻውን እንደ ያዘ ወደ እሷ ተራመደ።

ይህን ጊዜ ሽማግሌው አባ ጥሩነህ በምርኩዛቸው መንገዱን ዘጉበትና፣ የተሰነጠቀውን ግንድና በእጁ ያለውን መዶሻ እያፈራረቁ አይተው እንዲህ አሉ፦ «ቀዳዳው ዘሞ፣ መዶሻ ደግሞ!»